ጣናን ከማን ጋር እናወዳድረው?

የአንባቢ ደብዳቤ

«ይድረስ ለምክር ዓምድ አዘጋጅ። ባሕር ዳር የምማር የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት ፎገራ ውስጥ፣ ጣና ዳር ነው። አራት ሆነን በአንድ አማካሪ መምህር ሥር የመመረቂያ ጥናት እንሠራለን። ርእሱን የሰጡን እርሳቸው ናቸው፤ ‹የእምቦጭ አረም በዓሣ አስጋሪዎች ኑሮ ላይ ያሳደረው ተጽእኖ፦ የጣናና የቪክቶሪያ ሐይቆች ንጽጽር› ይላል። ቪክቶሪያን ከካርታ በስተቀር አይተነው አናውቅም። እኔ የተወለድሁበትን ዳርቻ ከዘጌ ጋር እናወዳድር ብዬ ነበር፤ እርሳቸው ግን ‹ሁለት ቀበሌ ማወዳደር ጥናት አይባልም› አሉኝ። እርሳቸውን ማግኘቱ ራሱ አስቸጋሪ ነው፤ ስናገኛቸውም አራታችንም እንፈራለን። ከመካከላችን አንዱ ደግሞ ‹መንገዱ አያስተማምንም፤ መጠይቁን እዚሁ ቁጭ ብለን እንሙላውና እንገላገል› እያለ ነው። ጽሑፉ በጆርናል ሊወጣ እንደሚችልም ነግረውናል፤ የእኛ ስም ይኑርበት አይኑርበት መጠየቅ ግን አፈርን። ምን ይመክሩኛል?

ግራ የገባኝ፣ ከባሕር ዳር»

መልስ

ልጄ፣ ብዙ ጉዳይ ነው በአንድ ወረቀት ያመጣሽው። ሁሉንም እነካለሁ፤ እኩል ግን አልቆይባቸውም። ከጓደኛችሁ ሐሳብ ልጀምር፤ እርሱ ካልተቋጨ ሌላው ምክር ሁሉ ከንቱ ነውና።

መጠይቅን ቁጭ ብሎ መሙላት ሐሰት ነው፤ ሌላ ስም አያሻውም። «ሁሉም ያደርገዋል» የሚላችሁ አይጠፋም፤ አትስሙት። ሕሊናውን እንኳ ብንተወው ሥራው ራሱ ያጋልጣል፦ በሐሰት የተሞላ መጠይቅ ከመጠን በላይ ንጹሕ ነው። እውነተኛ አስጋሪዎችን ስትጠይቂ አንዱ «አላስታውስም» ይልሻል፤ ሌላው መረቡን ሸጦ ሩዝ ውስጥ ገብቷል፤ ሌላው ጥያቄሽን ትቶ ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ያማርርልሻል፤ አንዷ ደግሞ ባሏ ያወጣውን ዓሣ ጠብሳ የምትሸጥ ሆና ገቢው የማን እንደሆነ ለመለየት ትቸገሪያለሽ። ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ይህን ሁሉ ዝብርቅርቅ የሚፈጥር ሰው የለም። ሁሉም መላሽ «በጣም ተጎድቻለሁ» ይላል፤ የገቢው ቁጥርም ሁሉ መጨረሻው ላይ ዜሮ ይሆናል፣ እንደ 500 ወይም 1,000። ልምድ ያለው ፈታኝ ሠንጠረዡን ሲያይ ይገባዋል።

የጓደኛችሁን ፍርሃት ግን አታቃልሉት። የመንገዱ ነገር በእናንተ እጅ አይደለም፤ ለውጤት ሲባል ሕይወት አይጣልም። የፍርሃቱ መድኃኒት ጥናቱን ማጥበብ ነው። በሰላም ደርሳችሁ በሰላም የማትመለሱበትን ቀበሌ ከአሁኑ ከፕሮፖዛሉ አውጡት፤ በጽሑፉም ውስጥ «በጸጥታ ምክንያት አልተካተተም» ብላችሁ በግልጽ አስፍሩ። ይህ የጥናት ውሱንነት ይባላል፤ ማንም አያፍርበትም። በንጽጽር ጥናት ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ከሚወዳደሩት አንዱ ከጎደለ ሌላው ብቻውን ምንም አይልም። ስለዚህ ቦታ ስትመርጡ ለአንደኛው የምትደርሱበትን ያህል ለሁለተኛውም መድረስ መቻላችሁን አረጋግጡ።

አሁን ወደ ቪክቶሪያ። ጣና ዳር ተቀምጦ የቪክቶሪያን መረጃ መናፈቅ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» ያሰኛል። አንደኛው የጥቁር ዓባይ፣ ሌላኛው የነጭ ዓባይ መነሻ መሆናቸው ርእሱን ለመምህራችሁ ሳያሳምርላቸው አልቀረም፤ ለጆሮ በእርግጥ ያምራል። ቁጥሩን ስታዪው ግን ሌላ ነው። ቪክቶሪያ ወደ 68,800 ካሬ ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ ጣና ከ3,000 ትንሽ ከፍ ቢል ነው። ቪክቶሪያ ጥልቅ የሚባለው ቦታው ላይ 80 ሜትር ገደማ ይደርሳል፤ የጣና ከ14 ሜትር ብዙም አያልፍም። ቪክቶሪያን ሦስት አገሮች፣ ኡጋንዳ፣ ኬንያና ታንዛንያ፣ በሦስት ሕግ ያስተዳድሩታል። እዚያ የዓሣ ንግዱን የሚመራው ከውጭ ገብቶ ሐይቁን የወረሰው የናይል ፐርች ነው፤ በፋብሪካ ተዘጋጅቶ ወደ ውጭ ይላካል። እኛ ዘንድ ቆሮሶ፣ አምባዛና ነጭ ዓሣ የምንላቸው ወገኖች ከመረብ ወጥተው በአመዛኙ እዚሁ ይበላሉ። እምቦጩም እኩል አልመጣም፤ ቪክቶሪያ ላይ የታየው እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ማብቂያ ሲሆን ጣና ላይ በይፋ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. ነው።

ታዲያ የሁለቱን ሐይቆች አስጋሪዎች ገቢ አወዳድራችሁ ልዩነት ብታገኙ ምክንያቱን እምቦጭ ነው ትላላችሁ? የሐይቁ ስፋት፣ የዓሣው ዓይነት፣ ገበያው፣ ሕጉ፣ ዘመኑ፣ ሁሉም ተለያይቷል። አምስት ነገር የተለያየባቸውን ሁለት ቦታዎች አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ስድስተኛውን መክሰስ ፍርድ አይሆንም።

ከቪክቶሪያ የምትማሩት ግን አለ፤ እርሱም ራሱ የንጽጽርን ችግር ያሳያል። እዚያ እምቦጩ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ እጅግ ከተስፋፋ በኋላ በአሥርቱ ዓመት መጨረሻ ላይ በከፍተኛ ደረጃ ቀነሰ። አረሙን የሚበሉ፣ የነቀዝ ዘር የሆኑ ጢንዚዛዎች ተለቀውበት ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ እ.ኤ.አ. የ1997 እና 1998 የኤልኒኖ ዝናብና ማዕበል መጣ። አረሙን የቀነሰው ጢንዚዛው ነው ወይስ አየሩ? ባለሙያዎች ብዙ ተከራክረውበታል፤ ሁለቱ ምክንያቶች በአንድ ጊዜ ስለመጡ አንዱን ከሌላው መነጠል አስቸገረ። እነዚያ ሰዎች ሐይቁ ዳር ሆነው ይህን ያህል ከተቸገሩ እናንተ ከባሕር ዳር ሆናችሁ እንዴት ትችሉታላችሁ?

ለመምህራችሁም የሚገባቸውን ልስጣቸው። ስለ ቪክቶሪያ የተጻፈው ብዙ ነው፤ ወደኋላም ርቆ ይሄዳል። ጣና ላይ እንዲህ ዓይነት ረጅም መዝገብ ማግኘት አይቀልም፤ እርሳቸውም ይህን አይተው ይሆናል። ቪክቶሪያ የግድ ይግባ ከተባለ ከመላው ሐይቅ ይልቅ በኬንያ በኩል፣ ኪሱሙ ከተማ ያለችበት የዊናም ባሕረ ሰላጤ ለጣና ይቀርባል፤ ጥልቀቱ አነስተኛ ነው፤ እምቦጩም ደጋግሞ ያጠቃው ነው። በንጽጽር ምዕራፍነት ሳይሆን በውይይት ክፍላችሁ ውስጥ «በዚያ የታየው እንዲህ ነበር» ተብሎ ቢገባ ጽሑፉን ያበረታዋል።

እንግዲህ ወደ አንቺ ሐሳብ እንምጣ፤ አትቀየሚኝ፣ እርሱም ያው ችግር አለበት። ፎገራና ዘጌ በአንድ ሐይቅ ዳር ስላሉ ተመሳሳይ ይመስላሉ። ዘጌ በገዳማቱ ሥርዓት ምክንያት በሬ የማይጠመድበት፣ ከብት የማይረባበት፣ ቡናና ጌሾ በደን ጥላ ሥር የሚበቅልበት ልሳነ ምድር ነው። ፎገራ ደግሞ ርብና ጉማራ ደለል እየጫኑ የሚፈሱበት፣ በክረምት ውሃ የሚተኛበት፣ ሩዝ የሚዘራበት ሜዳ ነው። የፎገራው አስጋሪ ብዙ ጊዜ ገበሬም ነው፤ ሐይቁ በበጋ ሲሸሽ የሚወጣውን ባሕር ሸሽ መሬት ያርሳል። የዘጌው ሰው ዓሣ ሲቀንስበት ቡናውን ይሸጣል። ኑሯቸው የተለያየው እምቦጭ ከመምጣቱ ብዙ ዘመን በፊት ነው።

ደግሞ አንድ ነገር ልብ በይ። እምቦጭ ዳርቻውን ዕጣ አውጥቶ አልመረጠም። በመገጭ ወንዝ መግቢያ አካባቢ ታይቶ በሰሜንና በምሥራቅ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል የበረታው ወንዞቹ ከእርሻው ላይ ጠርገው የሚያመጡት አፈርና ማዳበሪያ ስለሚያጠግበው፣ ነፋሱም ወደዚያ ስለሚገፋው ነው። አረሙ የሄደባቸው ቦታዎች ከመጀመሪያውም የተለዩ ነበሩ። የተሸፈነውን ካልተሸፈነው ጋር ማወዳደር አስቸጋሪ የሚሆነውም በዚህ ነው። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ፤ የእናንተ ሥር እዚህ ላይ ነው።

ምን ይሻላል? በአንድ ሜዳ፣ በአንድ ወረዳ፣ ተመሳሳይ ሩዝ የሚያመርቱ፣ ዓሣቸውንም ወደ አንድ ገበያ፣ ለምሳሌ ወደ ወረታ፣ የሚያወጡ የሐይቅ ዳር ቀበሌዎችን ውሰዱ። ከእነርሱ መካከል የማስገሪያ ቦታቸው ለብዙ ጊዜ የተሸፈነባቸውንና ያን ያህል ያልተነካባቸውን ለዩ። ይህን ለመለየት መኪና መሳፈር አይጠበቅባችሁም። ሴንቲኔል 2 የተባለችው ሳተላይት ከ2007 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የምታነሳው ምስል በነጻ ይገኛል፤ አንዷ ነጥብ 10 ሜትር በ10 ሜትር ስለሆነች ሰፊውን የእምቦጭ ምንጣፍ ታሳያለች። ክረምቱን በደመና ስለሚሸፈን የጥቅምትንና የኅዳርን ምስል ተመልከቱ፤ አረሙም በዚያን ጊዜ ነው የሚንሰራፋው። ከአራታችሁ አንዱ ኮምፒውተር ላይ የሚቀመጥ አይጠፋም። መንገድ የፈራው ጓደኛችሁ ይህን ሥራ ቢይዝስ?

መምህራችሁ «ሁለት ቀበሌ ጥናት አይባልም» ያሉት በሌላ በኩል ትክክል ነው፤ ምክንያቱን ስላልነገሩሽ ቁጣ መሰለሽ እንጂ። ከአንዱ ቀበሌ 60፣ ከሌላው 60 ሰው ብትጠይቁ 120 ናሙና ያላችሁ ይመስላችኋል። ስለ እምቦጭ ግን የምታወዳድሩት ሰዎቹን ሳይሆን ዳርቻዎቹን ነው፤ ዳርቻዎቹ ደግሞ ሁለት ናቸው። በአንደኛው ቀበሌ መንገድ ተሠርቶ ከሆነ፣ ወይም ማኅበሩ ፈርሶ ከሆነ፣ ያ ልዩነት ሁሉ በእምቦጭ ስም ይመዘገባል። ቢያንስ ሁለት የተሸፈኑና ሁለት ያልተሸፈኑ ይሁኑ፤ ከዚያ በላይ ከቻላችሁ እሰየው። ለዚህ ሲባል ከእያንዳንዱ ቀበሌ የምትጠይቁት ሰው ቁጥር ቢቀንስ ብዙ አይጎዳም።

አራት ቀበሌና አራት ተማሪ ሲሆን «እያንዳንዳችን አንዳንድ እንያዝ» ማለታችሁ አይቀርም። አታድርጉት! አንቺ የአካባቢው ልጅ ነሽ፤ ሰው ያጫውትሻል፣ ቡና ያፈላልሻል። ከአዲስ አበባ የመጣው ጓደኛሽ እዚያው ተቀምጦ «አዎ» እና «አይ» ብቻ ይሰማል። የእናንተ ልዩነት የቀበሌዎቹ ልዩነት መስሎ ይወጣል። ሁላችሁም በሁሉም ቀበሌ ጥቂት ጥቂት ሰው ጠይቁ፤ በየመጠይቁ ላይም የጠያቂው ስም ይጻፍ። አንቺ ደግሞ ዘመዶችሽን ለሌሎቹ ልቀቂላቸው።

ወቅቱንም ጠብቁ። ነጭ ዓሣ የሚባሉት የላቤዮባርበስ ወገኖች ብዙዎቹ በክረምቱ ማብቂያ እንቁላል ለመጣል ወደ ወንዞች ይወጣሉ፤ በዚያን ጊዜ ወንዝ መግቢያ ላይ መረብ የጣለ ብዙ ያወጣል። አንዱን ቀበሌ በነሐሴ፣ ሌላውን በኅዳር ከጠየቃችሁ ያወዳደራችሁት ሁለት ወቅት ነው። እንዲሁም በደንገል ታንኳ ዳር ዳሩን የሚያስግረውንና በሞተር ጀልባ ወደ መሐል የሚገባውን በአንድ ዓምድ አታስገቡ፤ እምቦጭ መጀመሪያ የሚዘጋው የባለታንኳውን መንገድ ነው።

መጠይቁ ላይ «እምቦጭ ጎድቶዎታል?» ብላችሁ አትጻፉ። ዕርዳታ ይመጣል ብሎ ባይጠብቅ እንኳ ለእንግዳ «አልጎዳኝም» የሚል ሰው አታገኙም። «ባለፈው ሳምንት ስንት ቀን መረብ ጣሉ? ከዚያ ውስጥ ስንት ቀን ባዶ ተመለሱ? ትናንት ያወጡትን ለማን ሸጡት?» ብላችሁ ጠይቁ። የቦታ መጠን ስትጠይቁም ጥማድ ወይም ቃዳ ሲሏችሁ ያንኑ ጻፉ፤ ከዚያ በዚያ ቀበሌ ምን ያህል እንደሆነ አጣሩ። ስለ ድሮው ስትጠይቁ ዓመተ ምሕረት ብቻ አትጥሩ። «በጥቅምት 2013 ለአንድ ወር የእምቦጭ ነቀላ ዘመቻ ተደርጎ ነበር፤ ከዚያ በፊት በነበረው ክረምት…» ብትሉ ሰው ያስታውሳል።

የድሮው ለምን አስፈለገ ትይ ይሆናል። በሐሳብ ቁጥር ላሳይሽ። በተሸፈነው ዳርቻ አንድ አስጋሪ አንድ ጊዜ ለማስገር ሲወጣ 20 ዓሣ ያወጣ የነበረው ዛሬ 8 ያወጣል እንበል፤ በ12 ቀነሰ። ባልተሸፈነው ደግሞ ከ18 ወደ 13 ወረደ፤ በ5 ቀነሰ። እምቦጩ በሌለበትም 5 ከቀነሰ፣ በተሸፈነው ዳርቻ ለእምቦጩ ልትሰጡት የምትችሉት 7ቱን ብቻ ነው። የቀረው የሌላ ምክንያት ነው፦ የመረብ መብዛት፣ የመረብ ዓይን መጥበብ፣ የወንዝ መግቢያ ማስገር። ይህ ግምት ብቻ አይደለም፤ የጣና ነጭ ዓሣ መመናመን እምቦጭ ከመታየቱ በፊት በጥናት የተመዘገበ ነው። ያለፈውንና የአሁኑን፣ የተሸፈነውንና ያልተሸፈነውን አንድ ላይ ካላያችሁ የመረብን ኃጢአት ሁሉ አረም ላይ ትጭናላችሁ። በአካባቢው የአስጋሪዎች ማኅበር ካለ ደብተሩን ለማየት ጠይቁ፤ ከሰው ትዝታ ይልቅ የተሻለ ምስክር ነው። ከትምህርት ክፍላችሁ የድጋፍ ደብዳቤ ይዛችሁ ወረዳውን፣ ከዚያ ቀበሌውን ማለፋችሁን የሚነግራችሁ አታጡም።

አማካሪሽን በተመለከተ፤ መምህር የሚፈራው ባዶ እጅ ሲኬድ ነው። «ርእሱ ከበደን» ብላችሁ አትግቡ። አንድ ገጽ ጻፉ፦ ከላይ አዲሱ ርእስ፣ ከዚያ ጥያቄው በአንድ ዓረፍተ ነገር፣ የአራቱ ቀበሌዎች ስምና ለምን እንደተመረጡ፣ የሳተላይቱ ምስል በትንሹ፣ የጊዜ ሰሌዳው። ቪክቶሪያ በውይይት ክፍል ውስጥ የት እንደሚገባም ጻፉ፤ ሐሳባቸው እንዳልተጣለ ይዩ። ቢሯቸው በር ላይ መሰለፍን ትታችሁ ወረቀቱን አስቀድማችሁ አድርሱና «የትኛው ቀን ይመችዎታል?» ብላችሁ ቀጠሮ ጠይቁ። አራታችሁም ግቡ፤ የሚናገረው ግን አንድ ሰው ይሁን። አንቺ ብትሆኚ ይሻላል፤ ዳርቻውን የምታውቂው አንቺ ነሽ። እንዲህ በያቸው፦ «ዶክተር፣ ሁለት ቀበሌ አይበቃም ያሉን ትክክል ሆኖ አገኘነው፤ ወደ አራት አሳድገነዋል። ቪክቶሪያን በተመለከተ ግን የራሳችንን መረጃ ልንሰበስብ ስለማንችል ይህን ቢያዩልን።» ሽንገላ አይደለም፤ በእርግጥም ትክክል ናቸው።

እምቢ ቢሉስ? ቪክቶሪያ የግድ ነው ካሉ መጠይቁ ይቅርና በሁለቱ ሐይቆች ላይ ከዚህ በፊት የታተሙ ጥናቶችን ብቻ የሚያወዳድር ሥራ ይሁን፤ ርእሱም ይህንኑ ይናገር። ለጣና የራሳችሁን መጠይቅ፣ ለቪክቶሪያ የሰው ጽሑፍ ይዞ «አወዳደርን» ማለት ግን በፈተና ዕለት ያስጠይቃችኋል፤ ይህንንም በትሕትና ንገሯቸው።

የስሙ ጉዳይ ያሳፍራል ብለሻል፤ ማሳፈር አልነበረበትም። በምርምር ዓለም የታወቀው ልማድ ጥናቱን በማቀድ፣ መረጃ በመሰብሰብና በመተንተን፣ በመጻፍ ቁም ነገር የሠራና የመጨረሻውን ጽሑፍ አንብቦ የተስማማበት ሰው ደራሲ ይሆናል የሚል ነው። መጠይቅ ብቻ ያስሞላ ሰው በምስጋና ገጽ ሊቀር ይችላል፤ ስለዚህ ትንተናውንም ረቂቁንም ለመጻፍ ተሳተፉ። መጠየቂያው ጊዜ አሁን ነው፤ መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ ሲጠየቅ ክርክር ይሆናል። በዚያው ስብሰባ መጨረሻ ላይ «ጽሑፉ ወደ ጆርናል የሚሄድ ከሆነ የደራሲዎቹ ቅደም ተከተል እንዴት ይሆናል?» ብላችሁ ጠይቁ። የሚሰጧችሁን መልስ ከቀኑ ጋር ጻፉት፤ ማታ ደግሞ «ዛሬ የተስማማንበት ይህ ነው» ብላችሁ በኢሜይል ላኩላቸው።